አቶ ኤልሮይ ልጃቸውን ያሰናበቱበት እሑድ

ጸጉር አስተካካዩ ክሊዮተስ ፔቲ የአቶ ኤልሮይ ጋስኪንን ጸጉር በግራ በኩል ጨርሶ ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ነው ቴሌቪዥኑ ወሬውን ያፈነዳው።

ማክሰኞ ነበር፤ የአሜሪካን እግር ኳስ ዓመት ሊጀመር ሲቃረብ ቡድኖቹ ሁሉ ትርፍ የሚሏቸውን ተጫዋቾች የሚያሰናብቱበት ማክሰኞ። በሚሲሲፒዋ ቤልዊክ ይህን ቀን የሚፈራ ሰው አልነበረም። ከዚያች ከተማ ወጥቶ ትልቁ ሊግ የገባው የአቶ ኤልሮይ ልጅ ታድሪክ ብቻ ነው። ታድሪክ ደግሞ የክሌርተን ቡድን ላይንባከር ነበር፤ ከፊት ተሰላፊዎቹ ኋላ ቆሞ ተከላካዩን ሁሉ በእጁ ምልክት የሚያሰልፍ፣ ኳስ ታቅፎ የሚሮጠውን ተወርውሮ የሚጥል። ዓመት በመጣ ቁጥር እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያሰናብታል?

«ክሌርተን ነባሩን ታድሪክ ጋስኪንን አሰናብቷል» አለ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የተቀመጠው ከረባታም። ከጎኑ ያለው ወጣት ትንፋሽ እንኳ ሳይሰበስብ ተቀበለው። «ፋንታሲ የምትጫወቱ፣ ስሙኝ! ተተኪውን ኮልተን ሚክስን ዛሬውኑ ውሰዱት። ከእንግዲህ ልጁ አንድ ደቂቃ ከሜዳ አይወጣም። ጋስኪን ይጥላቸው የነበሩትን ሁሉ የሚጥለው እሱ ነው። ነጥብ ታፍሳላችሁ!»

ቶንዶሱ በክሊዮተስ እጅ ላይ እየጮኸ አየር ላይ ቆመ። ኋላ አጠፋው።

«ወንድም ጋስኪን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። «ቆይ፣ ንጹሕ ፎጣ ላምጣልዎት» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

አቶ ኤልሮይ በነጩ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ቀሩ። መስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት ያያሉ፤ ግራው የተላጨ፣ ቀኙ ያልተነካ። ልጄ ምነው ሳይነግረኝ? እያሉ ሳለ ጭናቸው ላይ ስልካቸው ነዘረ። እሱ ነው ብለው ከጨርቁ ሥር ጎትተው አወጡት። ልጃቸው አልነበረም፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን በስልክ መርጠው፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ የሚሰበስቡበት የፋንታሲው ጨዋታ መልእክት ነው። «ክሊዮተስ ፔቲ ኮልተን ሚክስን ወስዷል» ይላል።

ክሊዮተስ ፎጣውን ይዞ ሲመለስ ሽማግሌው ስልኩን ወደ እሱ አዞሩለት።

«ፎጣው ይህ ነው?»

«ወንድም ጋስኪን… እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደው ነበር እኮ።»

«ልጄ ገና አልቀዘቀዘም፣ ክሊዮተስ።»

«ኧረ ምን ማለትዎ ነው! ሰውዬው በሕይወት አለ።»

«ጨርቁን ፍታልኝ።»

«ግማሹ ይቀራል! እንዲህ ሆነው መንገድ ሊወጡ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ማን እንደቆረጠኝ ይጠይቃሉ። እኔም እነግራቸዋለሁ» አሉና ቆባቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቨርኔል በወጥ ቤት መቀስ ሊያስተካክሏቸው ሞከሩ፤ አባሱት። «ግራህ ሙሽራ፣ ቀኝህ ጫካ» ብለው ሊያስቋቸው ፈለጉ። ራሳቸው ግን መቀሱን እንደያዙ አለቀሱ። ታድሪክ የደወለው አመሻሹ ላይ ነው። «ደህና ነኝ፣ አባዬ። ሥራ ነው፤ ያለ ነገር ነው» አለ። ስልኩንም ቶሎ ዘጋው።

በኒው ሄርሞን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የወንዶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ክፍል ፋንታሲ መጫወት የጀመረው በታድሪክ ምክንያት ነው። ገንዘብ የሚሉት ነገር የለበትም፤ ፓስተሩ አይፈቅዱም። በዓመቱ መጨረሻ ጭራ የሆነው ሰው ከገና በኋላ ለመበለቶች በሚደረገው ግብዣ ላይ ካትፊሽ የሚባለውን አሳ ሲጠብስ ይውላል፤ ቅጣቱ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋጠማሉ። ተጫዋች ሲከፋፈሉም አንድ ልማድ አላቸው። የመጀመሪያው ምርጫ ሁልጊዜ የአቶ ኤልሮይ ነው፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ልጃቸውን ይመርጣሉ። ልብ ያለው ሰው ተከላካይን የሚመርጠው ኳስ ይዘው የሚሮጡት ሁሉ ተመርጠው ካለቁ በኋላ ነው። ያ ክፍል ግን «ታድሪክ ጋስኪን» ሲባል «አሜን!» ብሎ ያጨበጭባል እንጂ የሚስቅ የለም። ታድሪክን ሌላ ሰው ልውሰድ ብሎ አስቦም አያውቅም።

ዘንድሮም የተመረጠው እንደዚያው ነበር፤ ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ።

አሁን ከስሙ ጎን ቡድን የለም። እሑድ መጥቶ እሑድ ሲሄድ ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር ዜሮ ነው። አቶ ኤልሮይ ግን አላወጡትም። በቦታው ሌላ ለማስገባት ስሙን መንካትና «አሰናብት» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አንድ ጊዜ ጣታቸውን እስከዚያ አድርሰው ያቃጠላቸው ይመስል መለሱት።

አቶ ኤልሮይ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ቤልዊክ ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ በእሳቸው አውቶቡስ ተሳፍሯል። ጫማው ጠፍቶበት የዘገየ ልጅ ካለ ደጃፉ ላይ ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ እንጂ ጥለውት አይሄዱም። አለቆቻቸው ስለ ሰዓት ተቆጥተዋቸዋል፤ አልተመለሱም። ይኸው ልማድ በጸሎታቸውም ውስጥ ገባ። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ሥር ተንበርክከው «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቡድን ይደውልለት» ይላሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከፍተው የልጃቸው ስም ቦታው ላይ መኖሩን ያያሉ። ሁለቱ አንድ ነገር ሆነውባቸው ነበር። ስሙን ያወጡ ዕለት እምነታቸውም አብሮ የሚወጣ መሰላቸው።

ሚክስ በበኩሉ ቴሌቪዥኑ እንዳለው ሆነ። ይጥላል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይጥላል። ክሊዮተስ በየእሑዱ ከጥናቱ በፊት ደረቱን ነፍቶ ይገባል። «የእኔ የድንች አገር ልጅ ባለፈው እሑድ ስንት ሰው መሬት ላይ እንደዘረጋ አያችሁ?» ይላል፤ ሚክስ ድንች ከሚበዛባት ከአይዳሆ ነው። አቶ ኤልሮይ ሲገቡ ግን ድምፁን ይቀንሳል። ጸጉራቸው አድጓል፤ እሱ ዘንድም አልተመለሱ፣ ሌላ ዘንድም አልሄዱ።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ክሊዮተስ ሊናገራቸው ቆረጠ። የጨዋታው ኃላፊ እሱ ነው።

«ወንድም ጋስኪን፣ አይቆጡኝ። ከእርስዎ ጋር የሚገጥም ሰው ባዶ ቦታ ነው የሚገጥመው። ዲያቆን ሩፈስ እኮ እንቅልፉን ተኝቶ አሸነፈዎት።»

«ይኸው ነው መሸነፌ? ተሸነፍኩ። አሳ እጠብሳለሁ።»

«የአሳው ነገር አይደለም። ለሌሎቹ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወይ ይተኩት፣ ወይ…» አቀረቀረ። «ወይ ደግሞ ዘንድሮን ይረፉ።»

«አንተን አንድ ቀን ከደጅህ ትቼህ ሄጃለሁ፣ ክሊዮተስ? ያቺ እናትህ በየቀኑ ‹መጣ! መጣ! ሱሪውን እየታጠቀ ነው!› ስትለኝ?»

ክፍሉ ሳቀ። ክሊዮተስም ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «አልሄዱም» አለ። «እኔ ግን ሁልጊዜም እመጣ ነበር፣ ወንድም ጋስኪን።»

ሽማግሌው ተነሥተው ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ አገልግሎታቸው ሄዱ። አቶ ኤልሮይ ሰውን ተቀብለው ወንበር የሚያስይዙት አስተናጋጆች መሪ ናቸው። በኒው ሄርሞን አስተናጋጅ በጉባኤ መካከል አይናገርም፤ በምልክት ነው። ግራ እጅ ተጨብጦ ከወገብ ጀርባ ይታጠፋል፤ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። የቀኝ እጅ ጣቶች ደግሞ ስንት ወንበር ባዶ እንደሆነ፣ እንግዳውን በየትኛው መተላለፊያ ማምጣት እንደሚገባ ይናገራሉ። ታድሪክ ይህን የተማረው ኳስ ከመያዙ በፊት ነው። ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ሲያዩት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጩኸት መካከል ግራ እጁን ከጀርባው አጥፎ በቀኙ ጓደኞቹን ሲያሰልፍ፣ አቶ ኤልሮይ ከወንበራቸው ተነሥተው «ቨርኔል! ነይ እዪ! ልጄ የጌታን ቤት አልረሳም!» ብለው ነበር። ጉባኤውም ሁሉ ያን አይቶ እግዚአብሔርን አመስግኗል።

ስለ ዜሮው ነገር ለታድሪክ የነገሩት እናቱ ናቸው። በዚያው ሳምንት መኪናውን እየነዳ መጣ። ከስቷል። እናቱ አንገቱን አቅፈው አልለቅ አሉ፤ አባቱ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብቻ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት የሻይ ስኒ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ከሰዓት ደግሞ ሌላ። «ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አሉ አባቱ። እናቱ ስብርባሪውን ጠረጉ።

እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን አብሮ አልሄደም። «ሁሉም ‹ማን ደወለልህ?› ሊለኝ ነው፣ እማዬ» አለ። ሲመለሱ ዶሮ ተጠብሶ፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ቀርቦ ተበላ። ከዚያ አባትና ልጅ ሳሎን ተቀመጡ። ክሌርተን የሚጫወትበት ሰዓት ነበር። ያ ሳምንት ደግሞ አቶ ኤልሮይ ከክሊዮተስ ጋር የሚገጥሙበት ነው።

«ክፈተው፣ አባዬ። ለእኔ ብለህ አትዝጋው።»

ተከፈተ።

«አስወጣኝ» አለ ታድሪክ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«ከየት?»

«ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን አሁንም የሚያጫውተኝ ሰው ዓለም ላይ አንተ ብቻ ቀርተሃል።»

«ስልክህ እስኪጮህ ነው። ጠዋት ጠዋት እየለመንኩ ነው። ከደወሉልህ በኋላ የፈለግኸውን አደርጋለሁ።»

ታድሪክ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በሜዳው ላይ የክሌርተን ተከላካዮች ሊሰለፉ ነው። ተመልካቹ ይጮኻል። ካሜራው መሃል ላይ የቆመውን ወጣት አቀረበው፤ ኮልተን ሚክስ። ቀላ ያለ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ። ግራ እጁን ጨብጦ ከወገቡ ጀርባ አጠፈ። ቀኙን አንሥቶ በጣቶቹ ጓደኞቹን እዚህ፣ እዚያ፣ ወደዚያ ጠጋ በሉ አላቸው።

አቶ ኤልሮይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አየኸው? አየኸው ታድሪክ! የእኛ ነው እኮ! ይህ የአይዳሆ ልጅ የኒው ሄርሞን አስተናጋጅ ሆኖ ቆመ! አንተ አስተምረኸው ነው አይደል? ጌታ ሆይ፣ ተመስገን…»

ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው ሲያዩት ፊቱን በቀኝ እጁ ሸፍኗል።

«ምነው?»

«እሱ ምልክት መስሎታል፣ አባዬ።»

«ምልክት አይደለም እንዴ?»

«እኔ እጄን እየደበቅሁ ነበር።»

አቶ ኤልሮይ አልገባቸውም።

«አምና በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ላይ አንገቴን ተመታሁ» አለ ታድሪክ ቀስ ብሎ። «ከዚያ በኋላ ግራ እጄ የእኔ አልሆነም። ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዴ ከነጭራሹ አይሰሙኝም። አሰልጣኞቹ ካዩ አለቀልኝ። የት ላድርገው? ካሜራ አለ፣ ሰው አለ። እጅን ደብቆ ቀጥ ብሎ መቆም የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ያንተ። ጨብጬ ከጀርባዬ አጠፍኩት። ሚክስ ደግሞ የማደርገውን ሁሉ ያደርጋል። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ‹አባቴ አስተናጋጅ ነው፤ ለማገልገል ሲዘጋጅ እንዲህ ይቆማል› አልሁት።» በግድ ፈገግ አለ። «ውሸት አልነገርሁትም።»

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሚክስ አንድ ሯጭ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ጣለው። ሕዝቡ አገሳ።

«ሐኪም…» አሉ አቶ ኤልሮይ።

«ከተባረርሁ በኋላ ራሴ ሄጄ ታየሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ከተመታሁ እግሬም ሊከተል ይችላል አለኝ። እና ስልኩ ደውሏል፣ አባዬ። ባለፈው ሳምንት። አንድ ቡድን ‹ና፣ ሐኪሞቻችን ይዩህና እንሞክርህ› አለኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ሐኪም ፊት እጄን ከጀርባዬ አጥፌ መቆም አልችልም። አልመጣም አልኋቸው። ለአንተ ግን መናገር አቃተኝ። እማዬ ስልክ በደወለች ቁጥር ‹አባትህ እኮ እየጸለየልህ ነው› ትለኛለች።»

አቶ ኤልሮይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በየማለዳው የለመኑት ስልክ ተደውሏል። ሳይሰሙት ቀርተው እንጂ ጸሎታቸው መልስ አግኝቶ ነበር። እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጥሩምባ ሲነፉ ከቤቱ ሊወጣ የማይችል ሰው ውስጥ ነበረ። አምና ደግሞ ከወንበራቸው እየተነሡ ያመሰገኑት፣ ጉባኤውን ሁሉ ያስመሰገኑት፣ ልጃቸው በሥቃይ ላይ ሳለ ነበር። ይህ ነገር ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም ጨርሶ አልወጣም።

እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ግራ እጅ ያዙ። ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ በመዳፋቸው ውስጥ ያለ ማንም ትእዛዝ እርግብግብ ይላሉ። ይህን እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የያዙት ታድሪክ በልጅነቱ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ መውጣት ሲያቅተው ነበር።

«ያማል?»

«አይ። አይሰማኝም።»

በዚያው እንደያዙት በሌላው እጃቸው ስልኩን አወጡ። ስሙን ነኩ። «አሰናብት» የሚለው መጣ። ያን ተጫኑ። ስልኩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቃቸውም፤ «ታድሪክ ጋስኪንን ማሰናበት እንደፈለጉ እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው።

«ይህ ደግሞ ምን አስጠየቀው» አሉ።

«እርግጠኛ ነህ፣ አባዬ» አለ ልጃቸው።

ተጫኑት። ስሙ ከቦታው ጠፋ። ባዶ ሳጥን ቀረ።

«ምን ሆናችሁ ድምፃችሁ ጠፋ?» አሉ ወይዘሮ ቨርኔል ከወጥ ቤት። መልስ ሲያጡ የስኳር ድንች ፓዩን እንደያዙ ብቅ አሉ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቴሌቪዥን ሲያዩ አገኟቸው። ፓዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በልጃቸው በሌላው ጎን ተቀመጡ። ጨዋታው እስኪያልቅ እንዲሁ ቆዩ። ሚክስ የጣለው ሁሉ ለክሊዮተስ ነጥብ ሆነ፤ አቶ ኤልሮይም በሰፊው ተሸነፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ሥር ሲንበረከኩ የሚጠሩት አንድ አዲስ ስም ተጨመረ። «የዚያን የአይዳሆ ልጅ አንገት ጠብቅለት» ይላሉ።

ቅዳሜ ክሊዮተስ ጸጉር ቤት ሄዱ።

«አንድ ሥራ ጀምረህ ትተኸዋል» አሉት ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ።

ክሊዮተስ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረ። እጁ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ዘገየ። «ሚክስን ይፈልጉታል? ይውሰዱት። በምትኩ ምንም አልፈልግም፤ እንዲሁ ይውሰዱት።»

«አንተ ጋ ይሁን። ቀኙን ጀምር።»

በማግሥቱ እሑድ ታድሪክ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ፤ ዘግይቶ፣ ብቻውን። መዘምራን ቆመው እየዘመሩ ነበር። በሩ ላይ ደርሶ ቀረ። እዚያ የሚገባው ሁሉ ያውቀዋል፤ የልጅነት ፎቶው ከነማልያው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥቂት ሰዎች ዘወር ብለው አዩት፤ እሱም ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ወሰደ።

ከፊት ለፊት፣ ከመድረኩ ሥር፣ አቶ ኤልሮይ በነጭ ጓንት ቆመዋል። ግራ እጃቸው ከወገባቸው ጀርባ ታጥፏል። ልጃቸውን ከሩቅ አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው አመጡና አንድ ጣት አነሡ። አንድ ወንበር አለ ማለት ነው፤ ከእናትህ ጎን።

ታድሪክ በሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ግራ እጁን ጨብጦ ከጀርባው አጠፈና በመሃለኛው መተላለፊያ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ወንበሩ ሄደ።